ከሪፈር ወረቀቱ በፊት ስልኩ ይደወል

በአገራችን የስትሮክ ታማሚ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲላክ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ሪፈር ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ወረቀቱ ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የቤተሰቡ ነው፦ አምቡላንስ ማፈላለግ፣ ሲጠፋ የኮንትራት መኪና መያዝ፣ በር ላይ «አልጋ የለም» ሲባል ወደ ሌላ ሆስፒታል መዞር፣ ሲቲ ስካኑ ተበላሽቷል ሲባል ደግሞ የግል ማዕከል ፍለጋ መውጣት። ይህ ቅብብል ሰው እያሳጣን ነው፤ የተረፈውንም አካል ጉዳተኛ እያደረገብን ነው።

አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው የረጋ ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋው ነው። ትልቅ ደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሴል ይሞታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የተባለው መድኃኒት የሚሰጠው በመደበኛነት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ችግሩ የደም መፍሰስ ከሆነ ግን ይኸው መድኃኒት ሊገድል ይችላል። ሁለቱን በዓይን አይቶ የሚለይ ሐኪም የለም፤ ሲቲ ስካን የግድ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካኑ ወደማይሠራበት ሆስፒታል የተላከ ታማሚ ሕክምናውን መንገድ ላይ ጥሎት ደረሰ ማለት ነው።

የጤና ሥርዓታችን ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አጠቃላይ፣ ከዚያም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚያወጣ መሰላል ነው። ለብዙ ሕመም ይህ ደግ ሥርዓት ነው። ስትሮክ ግን በእያንዳንዱ እርከን ካርድ እስኪወጣና እንደገና እስኪመረመር አይጠብቅም። ለእሱ እርከን መዝለል መፈቀድ አለበት።

መጀመሪያ በቅርብ ሆስፒታል መታየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። በስፔን ካታሎንያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከትልልቅ ማዕከላት ርቀው የሚኖሩና ትልቅ ደም ሥራቸው እንደተዘጋ የተጠረጠሩ ታማሚዎችን በሁለት መንገድ አስተናግዶ ነበር። ገሚሱ በቀጥታ ወደ ትልቁ ማዕከል፣ ገሚሱ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለ የስትሮክ ሆስፒታል ተወሰደ። ከሦስት ወር በኋላ በውጤታቸው ልዩነት አልታየም። እዚያ ሆስፒታሎቹ በአንድ መረብ የተሳሰሩ ናቸው። በአሜሪካም ታማሚው ላኪው ሆስፒታል ከገባበት እስከሚወጣበት ያለው ጊዜ በደቂቃ ይለካል፤ የተቀመጠው ግብ 90 ደቂቃ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሰዓት ማን ይቆጥረዋል?

«መድኃኒቱም ባለሙያውም በሌለበት መፍጠን ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው እውነት አለበት። ግን አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ ሰው ቀዶ ሐኪም በጊዜ ሊያየው ይገባል። የደሙ ስኳር መለካት፣ መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ምግብም ውኃም አለመስጠት፣ የደም ግፊቱን በድንጋጤ በአንዴ አለማውረድ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ስልክ መደወልም እንዲሁ።

ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ሦስት ነገር እንዲያስገድዱ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ላኪው ሐኪም ከተቀባዩ ጋር በስልክ ተነጋግሮ «እንቀበላለን» ሳይባል ታማሚ አይንቀሳቀስ፤ ሆስፒታሎች የሊያዞን ክፍል ያላቸው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የሪፈር ወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየበት ሰዓት ይሁን። ሦስተኛ፣ የትኛው ሲቲ ስካን እየሠራ እንደሆነ በየዕለቱ ለሁሉም ላኪ ተቋም ይነገር።

ከሁሉም በላይ፣ ታማሚው ተቀባዩ ሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የላኪው ሆስፒታል ይሁን። ይህ ሸክም ከቤተሰብ ጫንቃ መውረድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።