የሣር ጠባቂው የዕረፍት ቀን

ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን ሠሪውን የማይጠይቅለት ሥራ አለ። የጎልፍ ሜዳ ጥበቃ አንዱ ነው። ተጫዋቹ ከቁርስ በኋላ ኳሱን ይዞ ሲመጣ ሣሩን እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ያገኘዋል። ያነጠፈው ሰው ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ገብቶ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ ከዓይን ዘወር ብሏል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ጎልፍ ተጫወቱ ልላችሁ አይደለም፤ እኔም ዱላውን ይዤ አላውቅም። የማወራው ስለ ሣሩና ስለ ጠባቂው ነው። ለዚህም ጨዋታው ሥር ወደ ሰደደበት አገር ወደ ስኮትላንድ መሻገር ይኖርብናል።

በዚያ በባሕር ዳር ሴንት አንድሪውስ የምትባል ከተማ አለች፤ «አሮጌው ሜዳ» የሚባለውም ዝነኛ የጎልፍ ሜዳ የሚገኘው በርሷ ነው። ከ1865 እስከ 1903 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የዚህ ሜዳ ጠባቂ ቶም ሞሪስ የሚባል ሰው ነበር። ታላቁን የ«ኦፕን» ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈ ሻምፒዮን ሲሆን አካፋ መያዝን አልናቀም፤ ሣሩ ላይ አሸዋ እየበተነ ያሳምረው ነበር። አሮጌው ሜዳ ዛሬም ከጥቂት ታላላቅ ውድድሮች በቀር እሑድ እሑድ ጎልፍ አይካሄድበትም፤ የከተማው ሰው ከነልጁ ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። ሣሩም ሰንበት አለው ማለት ነው።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳው ቦታ «ግሪን» ይባላል። ሣሩ የሚታጨደው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ እንዲቀር ተደርጎ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የስንዴ ቅንጣት ርዝመት ያነሰ መሆኑ ነው። የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊሜትር ነው፤ አንዲት ሚሊሜትር አይጨመርም፣ አይቀነስም። ዙሪያው በተጫዋቾች እግር እንዳያልቅ ጠባቂው በየጊዜው ሌላ ጉድጓድ ይቆርጣል፣ ቆርጦ ባወጣውም አፈር የፊተኛውን ይደፍናል። አፈሩ ተረግጦ ሲጠጥር ሥሩ አየር ስለሚያጣ መሬቱን በቀጫጭን ቀዳዳ ይበሳዋል። ውርጭ በጣለበት ጧት ደግሞ ግሪኑን ማንም እንዲረግጠው አይፈቅድም። የቀዘቀዘ ቅጠል ሲረገጥ ውስጡ ይሰባበራልና፣ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ የሰውዬው ዱካ ጠቁሮ እርምጃ በእርምጃ ይታያል። ዱካው የማን እንደሆነ ባይታወቅም የሚወቀሰው ግን ጠባቂው ነው።

ከነዚህ ጠባቂዎች መካከል በዕረፍት ቀናቸው ተራራ የሚወጡ አሉ ብዬ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው አንዱ፣ «ታዲያ መምህር፣ ሳምንቱን ሙሉ በእግሩ ሲዞር የሰነበተ ሰው አልጋው ላይ ቢጋደም አይሻለውም?» አለኝ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ድካሙ የእግር ብቻ አይመስለኝም። በሜዳው ላይ የሚያያት እያንዳንዷ ቅጠል ትጠይቀዋለች። በተራራው ላይ ግን ሣሩ ቢረዝም፣ ድንጋዩ ቢፈርስ፣ ማንም አይጠራውም። በመዝገብ ቤት የሚውል ወጣት ጸሐፊ ይህን ነገር ሳይረዳው አይቀርም። እሑድን ቡና ቤት ተቀምጦ የአለቃውን ወሬ ሲያወራ የሚውል ሰውማ መቼ ከቢሮው ወጣ!

የስኮትላንድ ተራሮች ለእኛ ዓይን ትንንሽ ናቸው። ትልቁ ቤን ኔቪስ 1345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከርሱ በአንድ ሺሕ ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሆኖም ጉሙና ነፋሱ ሰው ይገድላሉ፤ ካርታና ኮምፓስ ሳይዝ የሚወጣ ሞኝ ነው። ሰር ሂዩ መንሮ የተባለ ሰው በ1891 ከ3000 ጫማ (914 ሜትር) በላይ ያሉትን ተራሮች ዘርዝሮ አሳተመ። ዛሬ በዝርዝሩ 282 አሉ፤ ሁሉንም ለመጨረስ ብዙዎች ዕድሜያቸውን ያሳልፋሉ። መንሮ ራሱ ሳይጨርሳቸው በ1919 ሞተ።

ታዲያ ሠራተኛው ወደ ተራራው እንዲወጣ መንገዱ እንዲሁ አልተከፈተለትም። በጎረቤት እንግሊዝ አገር ኪንደር ስካውት የሚባለው ከፍተኛ ቦታ ለባለጸጎች የወፍ አደን ተከልሎ ነበር። በሚያዝያ 1932 በሃያ ዓመቱ ወጣት በቤኒ ሮትማን መሪነት በመቶ የሚቈጠሩ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣት ሠራተኞች ከልካይን ጥሰው ወጡ። የአደን ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ጠበቋቸው፤ ግብ ግብ ተነሣ፤ በመጨረሻም አምስቱ ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ ጢስ ሲታፈን ለሰነበተ ሰው አንድ እሑድ ንጹሕ አየር መጠየቅ በወንጀል ተቈጠረ! ሰላማዊ መተላለፍን በሕግ ለማስፈቀድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

በስኮትላንድ በ2003 የወጣው የመሬት ሕግ ሌላውን ሳይጎዳ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ተራራውንም ጫካውንም ከፈተለት። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ሕግ የጎልፍን ሜዳ እንኳ በእግር ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ግሪኑን መርገጥ ግን ክልክል ነው። ከተራራ ሲመለስ በሌላ ሰው የጎልፍ ሜዳ በኩል የሚያልፈው ጠባቂ ይህን አንቀጽ ማንም ሊያስረዳው አያሻም። ጫማው ጭቃ ነው፤ ግሪኑን ከሩቅ ሲያየው ዳር ዳሩን ዞሮ ያልፋል፤ ምናልባትም ቆም ብሎ አስተጫጨዱን ይመረምራል።