በሰው አገር የመጀመሪያው ሳምንት

ዕውቀትን የሚሻ ሰው አስቀድሞ አለማወቁን ሊያውቅ ይገባዋል። አለማወቁን የሚያውቅ ይጠይቃል፤ የሚጠይቅም ይማራል። አለማወቁን የሚደብቅ ግን ከነአለማወቁ ይቀራል። አባቶች «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለው የተናገሩት ስለዚህ ነው። ይህ ነገር በማናቸውም ስፍራ እውነት ነው፤ ይልቁንም ጎልቶ የሚታየው አንድ ተማሪ አገሩን ትቶ ለትምህርት ወደ ሰው አገር በሄደ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ቁሓ በትግራይ ምድር የምትገኝ፥ ዛሬ ከመቀሌ ከተማ ክፍሎች አንዷ የሆነች ስፍራ ናት። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በአጠገቧ ስለ ሆነ፥ የቁሓ ልጆች አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ያያሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ «በዚያ ተሳፍሮ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ምንኛ ዕድለኛ ነው! ድካሙ ሁሉ አለቀለት» ብለው ያስባሉ። ይህ አሳብ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነው። ዕድሉ እውነት ነው፤ ድካሙ ግን አላለቀም፥ ገና ይጀምራል።

ይህም እንዲታወቅ ከቁሓ ተነሥቶ በስፔን አገር ወደምትገኘው ወደ ሳላማንካ ከተማ ለትምህርት የሚሄድ አንድ ተማሪ ይታሰብ። ሳላማንካ ከዋና ከተማው ከማድሪድ በስተ ሰሜን ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1218 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህም በኢትዮጵያ ንጉሥ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። የከተማይቱ ቤቶች ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ፀሐይ በምትጠልቅበት ጊዜ ወርቅ ይመስላሉ። የትግራይ ልጅ የድንጋይን ቤት ያውቃልና በመጀመሪያው ቀን ደስ ይለዋል፤ «ይህ አገር የእኛን አገር ይመስላል» ይላል። በሁለተኛው ቀን ግን ድንጋዩ ቢመሳሰልም ልማዱ እንደማይመሳሰል ያያል።

አስቀድሞ ሰዓቱ ያስተዋል። በቁሓ የቀን ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ በስፔን ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጠራል። ስለዚህ በቁሓ ከጧቱ ሦስት ሰዓት የሚባለው በዚያ ዘጠኝ ሰዓት ይባላል። ተማሪው ይህን በአገሩ ሳለ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ማወቅና መልመድ ሁለት ናቸው። «ትምህርት በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል» ሲሉት መንገድ አድክሞት ነበርና እንደ አገሩ ቈጥሮ ከቀትር በኋላ ይሄዳል፤ በሩም ተዘግቶ ያገኘዋል። ምሳ የሚበላው በቁሓ አቈጣጠር ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ራትም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በቁሓ ፀሐይ ዓመቱን ሁሉ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በሳላማንካ ግን በመስከረም መጀመሪያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንኳ ገና ብርሃን ነው። እንግዳው የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ጊዜ ያጣል።

ከዚያም በኋላ ስሙ ይጠፋበታል። የስፔን ሰው እንደ ልማዱ ከራሱ ስም ቀጥሎ ሁለት የቤተ ሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባቱ፥ ሁለተኛው ከእናቱ ወገን ነው። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ የራሱን ስም፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጽፋል። ስለዚህ መምህሩ መዝገቡን ይዞ የተማሪዎቹን ስም ሲጠራ የአያቱን ስም ይጠራል። ልጁም በዚያ ስም ተጠርቶ አያውቅምና ዝም ይላል። በመዝገቡም «አልመጣም» ተብሎ ይጻፍበታል፤ እርሱ ግን በፊተኛው ወንበር ተቀምጧል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በቁሓ መምህርን «አንተ» የሚል ተማሪ ባለጌ ይባላል። የስፔን ቋንቋም «ቱ» እና «ኡስቴድ» የሚሉ ሁለት ቃሎች አሉት፤ ፊተኛው እንደ «አንተ»፥ ሁለተኛው እንደ «እርስዎ» ነው። ነገር ግን የዛሬ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ መምህራቸውን «ቱ» ይላሉ፤ መምህሩም አይቈጣም። ከቁሓ የመጣው ልጅ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ከሆነም ሥጋ የሌለበት ምግብ እንዲሰጡት ይለምናል፤ አንዳንድ ጊዜም የደረቀ የዐሣማ ሥጋ ተከትፎበት ይመጣለታል፤ በዚያ አገር ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጥቂት ሥጋ እንደ ሥጋ አይቈጥረውምና። የእስላም ልጅም ቢሆን በዚሁ ይቸገራል። እንጀራ የለም፤ ሽሮ የለም፤ ቡና ቢኖርም በሦስት ዙር አይጠጣም።

እንግዲህ በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው፥ ታናናሾቹን ያስጠና የነበረው ልጅ፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰዓት መቍጠር የማያውቅ፥ ስሙን የማይለይ፥ ምግብ መለመን የማይችል ሕፃን ሆነ። በዚህ ጊዜ በፊቱ ሁለት መንገድ ይከፈታል።

አንደኛው መንገድ የመደበቅ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ መምህሩ «ገባህ ወይ?» ሲለው ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። ከትምህርት ሲመለስ በሩን ይዘጋል። እናቱ በስልክ «በላህ ወይ፥ ልጄ?» ስትለው ጾሙን ውሎ ሳለ «አዎን፥ ጠገብሁ፤ ሁሉም መልካም ነው» ይላል። ከአገሩ ሰዎች በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ይህ ሁሉ ለሰባት ቀን ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያልተጠየቀ ነገር በሁለተኛው ወር ሊጠይቁት ያሳፍራል፤ «እስከ ዛሬ አታውቅም ነበርን?» ይባላልና። በጥር ወር ፈተና ሲደርስም ነቅንቆ ያሳለፈው ሁሉ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ራስን መነቅነቅ መልስ አይሆንም። አባቱ በሬውን ሽጦ የላከው ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለተኛው መንገድ የመጠየቅ መንገድ ነው። በዚህ የሚሄድ ተማሪ ከበረኛው ሰዓቱን ይጠይቃል፤ ከጎረቤቱ የምግቡን ስም ይጠይቃል፤ የሰማውንም በደብተር ይጽፋል። ወደ መምህሩም ቀርቦ «የጠሩት ስም የአያቴ ነው፤ የእኔ ስም ይህ ነው» ይላል። መምህሩም ያርማል። ባልንጀሮቹ «በአገርህ ስም እንዴት ይወጣል?» ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ መምህር ይሆናል። ለእናቱም «ዛሬ ተቸግሬ ነበር፤ ነገ ግን የምበላበትን ስፍራ አሳይተውኛል» ብሎ እውነቱን ይነግራታል። እናት ከሐሰት ደስታ ይልቅ እውነተኛ ችግር ስትሰማ ይሻላታል፤ ቢያንስ የምትመክረውን ታውቃለችና።

በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ አሮጌ ደጃፍ ላይ ከተቀረጹት ብዙ ሥዕሎች መካከል በራስ ቅል ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ እንቍራሪት አለች። ማንም ሳይረዳው እርስዋን ያገኘ ተማሪ በትምህርቱ ይቀናዋል ይባላል። ለጨዋታ መልካም ነው። ለትምህርት ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ የሚቀናው «እንቍራሪቷ ወዴት ናት?» ብሎ የጠየቀ ነው።

እንዲህ ያለው ፈተና የደረሰው በዛሬ ተማሪ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ወደ ውጭ በወጣው ላይም ብቻ አይደለም። በ1564 የተወለደ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ሰው ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲጓዝ በባሕር ላይ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ኖረ። ከተፈታም በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ በ1603 በምጽዋ በኩል ገብቶ በዐድዋ አቅራቢያ ባለችው በፍሬሞና ተቀመጠ። በትግራይ ምድር እንግዳ ነበረና እንደ ሕፃን ሆኖ አማርኛንና ግዕዝን ተማረ። በሃይማኖት ነገር ስላመጣው ክርክር ታሪክ ሌላ ፍርድ አለው፤ በመማር ነገር ግን ትጉህ እንደ ነበረ ማንም አይክድም። በ1618 የዐባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ። «ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል፤ እርሱ ግን ዐባይን ከነምንጩ ሊያይ የበቃው የአገሩን ሰው ጠይቆ፥ በአገሩም ሰው ተመርቶ ነው።

ከኢትዮጵያም የወጡ እንዲህ አድርገዋል። የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ሊቅ ወደ እርሳቸው መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር እንጂ ሲነገር ሰምቶ አልለመደም። ያም ሊቅ በሚያዳግተው ቋንቋ መናገር አላፈረም፤ አባ ጎርጎርዮስም ማስተማር አልሰለቹም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ሄደው ከእርሱ ጋር ተቀመጡ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1698፥ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ፤ ያስተማሩት ግን አልሰጠመም።

ከትግራይም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አለ። በ1886 በዐድዋ አጠገብ ተወልዶ፥ በምጽዋ አጠገብ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ገና ልጅ ሳለም በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄደ። በኦስትሪያ ሰዎች ቤት አደገ፤ በበርሊንም ሕክምና አጠና። ወደ አገሩ ተመልሶ የጻፈው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፍ እርሱ በ1919 ከሞተ በኋላ በ1924 ታትሟል፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። በውጭ አገር ያየውን «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ባይመረምር ኖሮ ስለ አገሩ ችግር እንደዚያ አድርጎ ሊጽፍ ባልቻለም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «በሰው አገር ብዙ የሚጠይቅ ወገኑን ያሰድባል፤ ኢትዮጵያውያን አያውቁም ያሰኛል» ይላሉ። ይህ ክብር የሚመስል ትዕቢት ነው። ወገንን የሚያሰድብ ዐዋቂ መስሎ ሄዶ ሳይማር የሚመለስ ነው። ሌሎችም «የሰውን ልማድ የሚጠይቅ የራሱን ይረሳል» ይላሉ። በእርግጥ አገሩን የረሳ ተማሪ አይጠፋም። ነገር ግን የጠየቀ ሁሉ አይረሳም፤ ይልቁንም የሚጠይቅ ሰው መልሶ ይጠየቃል፤ ሲጠየቅም የአገሩን ነገር ከቀድሞ ይልቅ ያስባል። የአገሩን ሰዎች መፈለግም ነውር አይደለም፤ ብርታት ይሰጣል። ነውሩ በእነርሱ ጀርባ መደበቅ ነው።

ይህ ትምህርት ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱት ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ ፊደል የሚቈጥር ልጅም በሰው አገር እንዳለ እንግዳ ነው። «ሀ» ከ«ሐ» የሚለይበትን ባይጠይቅ፥ ባልንጀሮቹ ይሥቁብኛል ብሎ ዝም ቢል፥ ገጹ እንደ ተዘጋ በር ይሆንበታል።

ደግሞም ቁሓ ራስዋ የእንግዶች ስፍራ ናት። ቢለት በሚባለው ስፍራ የተገኙት በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት የነበሩ እስላሞች በዚያ እንደ ኖሩና እንደ ተቀበሩ ይመሰክራሉ። የአፋር ጨው ነጋዴዎችም አሞሌ በግመል ጭነው ከቆላ ወደ መቀሌ አገር ለብዙ ዘመን ወጥተዋል። ዛሬም የአገሩን ቋንቋ በሚገባ የማይናገር አዲስ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። ስሙ ሲጠራ ዝም ቢል ሰነፍ ነው አይባል፤ የተጠራው ስም የአያቱ ይሆናልና። በተሳሳተ ጊዜ የሚሥቅበት ልጅ የመደበቅን መንገድ ያሳየዋል፤ ቀርቦ የሚነግረው ግን የመጠየቅን በር ይከፍትለታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ያልፋል። በእርሱ የተጀመረው ልማድ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ፥ በሳላማንካም ቢሆን በቁሓ፥ ያልገባውን «አልገባኝም» ማለትን አስቀድሞ ይማር፤ የገባውም ላልገባው ሳይሥቅ ያስረዳ።