የድምፅ ምስጢርና የቤት ሰላም

ሰው በምርጫ ቀን ድምፁን ለማን እንደ ሰጠ ለትዳር ጓደኛው የመንገር ግዴታ አለበትን? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ወጣት መምህር ሳለሁ በከላላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው።

የዚያ ዓመት ምርጫ የተደረገው ግንቦት 7 ቀን፣ በዕለተ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ የወጣው ክርስቲያንና ሙስሊሙ ጎረቤቱ በአንድ ሰልፍ ቆመው ዋሉ። ፊደል ለማያውቀውም ምልክት ነበረለት፤ ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት በሁለት ጣት ይታወቁ ነበርና።

ማታ በጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ አባወራው ሚስቱን «ለማን ሰጠሽ?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም «ድምፅሽ ምስጢር ነው ተብዬ ተምሬአለሁ፤ አልናገርም» አለችው። እርሱም ተቆጥቶ «በአንድ ቤት ሁለት ሐሳብ እንዴት ይሆናል?» አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን አባወራውን ላለማስቀየም ብዬ በሳቅ አለፍሁት። ከአቦል እስከ በረካ ዝምታ ሆነ። ያን ቀን አለመናገሬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል፤ ዘግይቶም ቢሆን መልሱ እነሆ።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ድምፁም በምስጢር እንዲሰጥ ይደነግጋል። እንግዲህ ድምፅ የተሰጠው ለባልም አንድ፣ ለሚስትም አንድ ነው እንጂ ለአንድ ቤት አንድ አይደለም። ምስጢር መሆኑም ድኻው ባለጸጋውን፣ ሠራተኛውም አሠሪውን ሳይፈራ እንዲመርጥ ነው። በቤት ውስጥ «ለማን ሰጠሽ?» ብሎ መመርመር ከተለመደ፣ ነገ ሹም ሲጠይቅ ማን «አልናገርም» ሊል ይደፍራል?

የሴት ድምፅም የትናንት ነገር አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ያለ ፓርቲ በተደረገው ምርጫ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል።

የ1997ቱ ምርጫ ፍጻሜ ግን እንደ ጅማሬው አላማረም። ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ተቃዋሚዎቹ ከ160 በላይ ማግኘታቸው ቢገለጽም፣ በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. እና በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መርማሪ ኮሚሽኑ መዝግቧል። የዚህን ደም ዕዳ በማንም ቤት ላይ የምጭን አይደለሁም፤ የተኮሰና ያስተኮሰ ራሱ ይጠየቅበታል። ነገር ግን የተለየ ሐሳብን ያለ ቁጣ መስማት በምክር ቤት ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን በቡና ዙሪያም የሚለመድ ጠባይ ነው።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ከምርጫው በፊት በቤታችሁ በግልጥ ተወያዩ። እጩው ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ ምን ተስፋ እንደ ሰጠ ልጆቻችሁም እየሰሙ መርምሩ። ከምርጫው በኋላ ግን «ለማን ሰጠሽ?» «ለማን ሰጠህ?» ብላችሁ አትጠያየቁ። ወዶ የሚናገር ይናገር፤ ዝም ያለውም ይከበር።

ለዚያች እናት ያን ማታ ልናገርላት የሚገባኝ ቃል ይህ ነበር፦ «አልናገርም» ማለትሽ ባልሽን መናቅ አይደለም፤ በአደራ የተቀበልሽውን መጠበቅ ነው። ለአባወራውም፦ ሚስትህ የማሰብ ነጻነት ያላት ቤት የተከፈለ ቤት አይደለምና ቡናህን በደስታ ጠጣ።