ለአንድ ቤት ሁለት ውል

ሰሞኑን ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ ዳር አንድ ደላላ ቤት ፈላጊ ባልና ሚስትን ሲመክር ሰማሁ። «አከራዩ ሐጂ ሰው አክባሪ ናቸው፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ስጧቸውና ግቡ። ውል ምን ያደርግላችኋል?» ሚስትየው የቤት ኪራይ አዋጁን ስታነሣበት «እሱ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው እህቴ» አላት። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በክልል ከተሞች የት እንደሚሠራ ለክልሎቹ መተዉ እውነት ነው። በጽሑፍ እንዳንዋዋል የከለከለን ግን ማነው? ድሬዳዋ ለእኛ ጎረቤት ናት። እዚያ ያለ ተከራይ የሁለት ዓመት ውል ሲገባው የሐረሩ ለምን በአከራዩ ፊት መጥቆር ዕቃውን ይሸከም?

አከራዮች ሕጉን መፈጸም ከባድ ነው ይላሉ። አልቀበለውም። ውሉ ይጻፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ፤ ገንዘቡ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይግባ፤ ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያወጣው አይዝለል። ቃሉን ለሚጠብቅ አከራይ ይህ ሸክም አይደለም።

ከባድ የሚሆነው ለመደበቅ ሲታሰብ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ስለ ሁለት ውል ይነግሩኛል፤ ቤቱ በ10,000 ብር ይከራይና ለወረዳው 5,000 ተብሎ ይጻፋል። ግብር ለመሸሽ ነው። አከራዩ ግን ራሱን ነው የሚጎዳው። የከርሞው ጭማሪ የሚሰላው ከ5,000 ነው፤ ተከራዩ መክፈል ቢያቆም በእጁ ያለው ሕጋዊ ማስረጃ የ5,000ው ወረቀት ብቻ ነው።

ደላላው ይህን ሁሉ ያውቃል። እንጀራው ግን ሰው ቤት በቀየረ ቁጥር ከሚያገኘው ኮሚሽን ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ተከራይ አይጠቅመውም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ቤት በማሳየት ብቻ አይከፈለው እላለሁ። ውሉን ለሁለቱም ወገን አንብቦ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳና የሚያፈሰውን ጣሪያ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ውሉን አስመዝግቦ ሲመጣ ይቀበል። ያኔ ሠርቶ በላ እንለዋለን።

አከራዮች አንድ እውነት አላቸው፤ እሱም ጥገና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፣ ኪራይም ቀነሰ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው መጠለያ አገኘ፤ ይህን የሚክድ የዚያን ዘመን ተከራይ አያውቅም። ግን ያ ኪራይ ቤቱን ማደስ አልቻለም። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፣ ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፣ ክረምቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በአሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ግንቡ ያበጠ፣ ጣሪያው የጎበጠ የቀበሌ ቤት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጌይ ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ግንብ ኖራ ይፈልጋል፣ የጭቃ ጣሪያው በየጊዜው መደልደል አለበት። ችላ ከተባለ ይወድቃል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከተማ የቆመችው በእነዚህ ቤቶች ነው።

ስለዚህ ክልላችን በአዲሱ የኪራይ አዋጅ ላይ ሲመክር የኪራዩን ልክ ብቻ ቆጥሮ እንዳይነሣ አጥብቄ እለምናለሁ። ጣሪያውን ማን፣ በማን ገንዘብ፣ ክረምት ሳይገባ ያድሳል የሚለው በውሉ ላይ ይስፈር። በደረሰኝ ያሳደሰ አከራይ ወጪው በዓመቱ ጭማሪ ይታሰብለት፤ ያላሳደሰ ጭማሪ አይጠይቅ። ከኪሱ አውጥቶ ያደሰ ተከራይም ከኪራዩ ላይ ይቀነስለት። የቀበሌ ቤቶችም ከዚህ ውጭ አይሁኑ፤ ቀበሌም አከራይ ነው።