ለጡረታ ጊዜ በወንዝ አጠገብ ስፍራ ስለ መምረጥ

የመንግሥት አገልጋይ ዕድሜው 60 ዓመት ሲሞላ ማኅተሙን አስረክቦ ከቢሮው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን ከከተማ ጫጫታ ርቆ፥ በወራጅ ውሃ ዳር መንጠቆውን ጥሎ ዓሣ እየጠበቀ ሊያሳልፈው የሚመኝ ብዙ ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን የጡረታ ገንዘብ በልክ የተሰጠ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከባከነ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ነገር ያየሁትን ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልጽፍ ወደድሁ።

በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አንድ ወዳጄ ከባለቤቱ ጋራ ወደ ፎገራ ሲሄድ እኔንም አስከተለኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራንና ርብን ይሻገራል፤ ሁለቱም ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። በዚያ ወራት ጉማራ ጎድሎና ዝግ ብሎ ይፈስ ነበር። አንድ ገበሬም ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት በከተማ ከሚጠየቀው ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ሊለቅለት ተስማማ። ወዳጄ ደስ ብሎት የቤቱን በር ወዴት እንደሚያዞረው ያስብ ጀመር።

ባለቤቱ ግን ወንዙን ትተው ዛፉን ያዩ ነበር። በአንድ ትልቅ ሾላ ግንድ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎ፥ በቅርንጫፉም ገለባ ተንጠልጥሎ አዩ። ውሃ ልትቀዳ የመጣች አንዲት ባልቴት ጠርተው፥ «እናቴ፥ ውሃው በክረምት እስከ ወዴት ይደርሳል?» ብለው ጠየቋት። ባልቴቲቱም፥ «እሜቴ፥ በክረምትማ ወንዙ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም ወደ ጉብታው እንሸሻለን» አለቻቸው። ገበሬው ይህን አልካደም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

የዋጋው ማነስ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ የሚያወርዱትን ውሃና ደለል በክረምት በሜዳው ላይ ያፈሱታል፤ ሜዳው ለሩዝ የተመቸውም ውሃው ስለሚተኛበት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደምቢያ ውሃው ሞልቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። እንግዲህ ወንዝ ዳር ስፍራ የሚፈልግ ሰው በነሐሴ ሄዶ ይየው። መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ የሚቀር ቢኖር፥ ቤቱን ከሠራ በኋላ ወደ ሐኪም የሚሄደው በዚያው ጭቃ መሆኑን ያስብ። ከ2000 ሜትር በታች ባለ ረግረግ አገር ወባ ስለሚበረታ፥ አጎበርና ቅርብ ሐኪም ቤት ሳያሰናዱ መቀመጥ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ፥ ወደዚያ የሚያስብ ሰው የመንገዱንና የቦታውን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከጎርፉ ይልቅ የሚያስፈራ ደግሞ አለ፤ እርሱም ወረቀቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እንደ ተደነገገው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ በመንደር ውል ላይ ምስክሮች ቢፈርሙም፥ ገዢው ገንዘቡን ሰጥቶ የያዘው ተስፋ ብቻ ነው። በሕግ የሚገዛው በከተማ ክልል የተሠራ ቤት ነው፤ እርሱም ካርታው በማዘጋጃ ቤት ከመዝገቡ ጋራ ተመሳክሮ መሆን አለበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ሰነድ ሲመረምር የኖረ ሹም በራሱ ጉዳይ ጊዜ ይህን መርሳቱ ይገርመኛል።

ወዳጄ የወንዙን ዳር ተወና በመንገዱ ላይ ካለች ከተማ፥ ከፍ ባለው ወገን፥ ካርታ ያላት ትንሽ ቤት ገዛ። ወንዙ የአንድ ሰዓት መንገድ ስለ ራቀው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን እግሩ ለመደው። በጣና አገር ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ መዘርጋት የመጪውን ዓመት ዓሣ መጨረስ ስለ ሆነ፥ እርሱ ከሐምሌ እስከ መስከረም መንጠቆውን ሰቅሎ ጎመኑን ይኮተኩታል። በበጋ ነጭ ዓሣ ይዞ ሲመለስ ግን ባለቤቱ ከደጅ ያቆሙታል፤ ሽታው ወደ ቤት ሳይገባ ቅርፊቱን ራሱ ፍቆ እንዲያጥበው የተዋዋሉት ቤቱን በገዙ ቀን ነው።