«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»፣ ግን በማን ትከሻ?

ኦሮራ ውስጥ ክርስትና በተደገሰበት ቤት ሁሉ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል አይጠፋም። እኔ የአምስት ልጆች ታላቅ ነኝ። የታናናሾቼ ዕድል ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። እማዬ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ፣ አባዬ ኤርፖርት ታክሲ ላይ ሲያመሽ፣ እራት የማበላው፣ የቤት ሥራ የማሠራው፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ የምተረጉመው እኔ ነኝ። የራሴን አናቶሚ የማነበው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የልጅ መብዛት ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን 7.7 ልጅ በ2015 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር። የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.6 አገኘ፤ በገጠር 5.2፣ በአዲስ አበባ 1.8። ብዙዎች ልጅ ያነሰበት ቤት ትምህርት ይሻላል ይላሉ። ነገር ግን በ2005 የታተመ የኖርዌይ ጥናት የልጆቹን የመወለድ ተራ ሲያገናዝብ፣ የቤተሰብ ብዛት ተጽዕኖ ከሞላ ጎደል ጠፋ። እዚያ ያነሰ የተማሩት የኋለኞቹ ናቸው። እኛ ቤት ግን ሸክሙ የወደቀው በታላቋ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚወስነው፤ ሥራውን ማን ይሸከማል የሚለውም ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ። ቀድሞ ከአንድ ቤት ሁለት ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ፣ ፋፍሳ ከወላጅ የሚጠብቀውን መዋጮ ለሁለት ያካፍል ነበር። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ወንድሜ በመጪው ነሐሴ ኮሌጅ ይገባል፤ የወላጆቻችን ደመወዝ ግን ያው ነው። ሕጉ አንድ በር ትቷል፦ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ፣ ሌላ የቤተሰብ አባል ኮሌጅ እንደሚማር በማስረጃ ሲቀርብለት፣ ጉዳዩን ለብቻው አይቶ ስሌቱን ማስተካከል ይችላል። ስለዚህ ጠይቁ።

ወላጆቻችንን አልወቅስም። ወንድምና እህቶቼንም በምንም አልለውጣቸውም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ወላጆች ሆይ፣ ሥራውን ለወንዱም ለሴቷም አካፍሉ፤ ታላቋም ፈተና አለባት። ማኅበራችን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለታናናሾቻችን የጥናት ሰዓት ይክፈት፤ ፋፍሳ የሚሞሉትንም አብሮ ያግዝ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ኖረናል፤ እስቲ ከሁለት ሰዓት ቅዳሜ እንጀምር።