የድሮ መልክ ያለው አዲስ ካሜራ

ትናንት አምስት ኪሎ፣ ሙዚየሙ አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ካሜራውን አቀበለኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይዩት።» ኤፍኤም2 መስሎኝ አውራ ጣቴ ሳላስበው የፊልም ማዞሪያውን ፍለጋ ሄደ። የለም! ለካ ኒኮን ዜድኤፍ ኖሯል፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን ካሜራ መልክ ይዞ በ2023 የመጣ ዲጂታል።

አልዋሽም፣ ወደድኩት። ሹተሩም አይኤስኦውም ከላይ በቁጥር ተጽፈዋል፤ ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ስንት ላይ እንዳለ ይታያል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ስትጠፉ ስንቴ ተቆጥቻችኋለሁ! ለጀማሪ እንዲህ ያለውን ነው የምመርጠው። በእርግጥ ፊቱ ላይ ጣት የሚይዝበት ትንሽ ነው፤ ባትሪው ሲገባ ደግሞ ከ700 ግራም በላይ ነው። ሌንስ ሲጨመርበት እጅ ያዝላል። እሱስ ይቻላል።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ሹተሩ ጎን አንዲት ማዞሪያ አለች፣ ቀጭ ስትል ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ልጁ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያነሳውን በሙሉ በሷ ነው ያነሳው፣ በጄፔግ ብቻ። ያምራል፤ የጃንሆይ ዘመን ይመስላል። አንዱን የእንጨት በር እያየሁ «ቀለሙ ምን ነበር?» አልኩት። አያስታውስም። ቤቱም የለም።

ልጆች፣ እንደፈለጋችሁ አንሱ፣ ግን ሮውን አብራችሁ አስቀምጡ፤ እሱ ቀለሙን አይጥልም። ካርድ ይሞላል እንዳትሉኝ፤ እኛ 36 ፎቶ ይዘን ነበር የምንወጣው።